ያልጾምኩት ሁዳዴ

በሕይወቴ በጾም የተመሰገንኩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ጾም አልነበርኩም። በጾመኛነት የምታማ ሰው እንዳልሆንኩ የሚያውቁኝ ሁሉ ያውቃሉ። ልጅ ሆኜ ሁዳዴ ሲገባ እናቴ የቅቤውን ዕቃ የምትደብቀው ከድመቷ ሳይሆን ከእኔ ነበር። በዚያ ዓመት ግን፣ ሆዴ ገፍቶ፣ በሰው አገር ፌርፋክስ በሚባል ጎዳና ላይ ስሜ በጾመኛነት ተነሣ። አንዲት እናት ልጇን «እሷ እርጉዝ ሆና ትጾማለች፣ አንቺ ያለ በርገር አንድ ቀን መዋል አቃተሽ» ስትላት በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አንገቴን ደፋ አድርጌ አለፍኩ። አንገት መድፋት ጾመኛ ላይ ያምራል፤ እሷም ይበልጥ አመነች።

ፌርፋክስ ላይ ካሉት የሐበሻ ምግብ ቤቶች በአንዱ አስተናጋጅ ነበርኩ። ባለቤቷን ሁላችንም እትዬ ነበር የምንላቸው፤ እዚህም እትዬ ልበላቸው። እዚህ ከተማ ከገቡ ብዙ ዘመናቸው ነው። ምላሳቸው ስል ነው፤ ሲቆጡ መንገድ ማዶ ያለው ሱቅ ድረስ ይሰማል። ባለቤቴ ታክሲ ይነዳ ነበር። የምንኖረው ዌስት አዳምስ የሚባል ሠፈር፣ አንድ አሮጌ ቤት ጓሮ ባለች ክፍል ውስጥ ነው። ከዚያ በፊት አንድ እርግዝና ከግማሽ አልፎ ጨንግፎብኛል። ስለዚህ ሁለተኛዋን ሳረግዝ ደስ ማለቱን ራሱ ፈራሁት። ፍርሃቴ መሠረት ነበረው፤ ደሜ ውስጥ ስኳር ተገኘ። ሐኪሟ ቀስ ብላ የምትናገር ሴት ነበረች። እርግዝናዬ አደጋ እንዳለበት አስረዳችኝና ሦስት ነገር አዘዘችኝ፦ ኢንሱሊን መወጋት፣ በሰዓቱ መብላት፣ ቆሞ መሥራት ማቆም። ከሦስቱ ከባዱ መርፌው መስሎኝ ነበር።

ሥራ የተወ ሰው ደሞዝ እንደሚቀርበት ማንም ያውቃል። እኔ ያላሰብኩት ምሳዬን ነው። እትዬ ጋ ስሠራ ቁርሴም፣ ምሳዬም፣ እራቴም የሚያልፈው ወጥ ቤታቸው ውስጥ ነበር። ጠዋት ፍርፍር፣ ቀን ከደረሰው ወጥ፣ ማታ ከተረፈው ጠቅልዬ ለባለቤቴ። ያን ማንም ደሞዝ ብሎ አስቦት አያውቅም፤ እኔም ጭምር። ቤታችን ያለው ምድጃ ሻይ ከማፍላት ያለፈ ሥራ አልነበረውም። ሥራ በቆመ ሰሞን ነው ማብሰል መጀመር እንዳለብን የገባን፤ ለማብሰል ደግሞ የሚበስል ያስፈልጋል።

ጊዜው ሰው ሁሉ በስልኩ መኪና መጥራት የጀመረበት ነበር። ባለቤቴ ኤርፖርት ተሰልፎ ውሎ ባዶውን የሚመለስበት ቀን በዛ። ያገኛትን የታክሲው ኪራይና የቤቱ ኪራይ ይካፈሏታል። ማታ ሲገባ ጫማውን ሳያወልቅ «በላሽ?» ይለኛል። «በላሁ፣ አንተስ?» እለዋለሁ። «እኔማ ኤርፖርት ከልጆቹ ጋር ሃይለኛ ምሳ በላን፣ አልችልም» ይላል። ከዚያ እኔ ለእሱ የተውኩት፣ እሱ ለእኔ የተወው ሽሮ ድስቱ ውስጥ ደርቆ ያድራል፤ ጠዋት በማንኪያ ስንፋቅቀው አንነጋገርም። እንደዚያ እየተዋሸን የተዋደድንበት ጊዜ የለም።

የሐኪሟ ምግብ እንቁላል፣ ሥጋ፣ ዓሣ፣ አትክልት ነው። እኛ አቅማችን የሚችለው ደግሞ ዳቦ፣ ሩዝና ፓስታ ነበር፤ እነሱን ስበላ ስኳሬ ሰማይ ይወጣል። ሠፈራችን ውስጥ ምግብ በከረጢት የሚያድሉ ደግ ሰዎች ነበሩ። ተሰልፌ፣ አመስግኜ ተቀበልኩ። ውስጡ መኮሮኒ፣ በስኳር የተዘፈዘፈ የታሸገ የኮክ ፍሬና በከረሜላ ቀለም የደመቀ፣ ሲሪያል የሚሉት የቁርስ እህል ነው። ባለቤቴ እንደ ልጅ ደስ ብሎት በላው። እኔ እያየሁት የስኳር መለኪያዬን አውጥቼ ጣቴን ወጋሁ። የሚሆነኝ ምግብ በጠፋበት ቀን መርፌውን እተወዋለሁ፤ ሳይበሉ መወጋት ይጥላል ተብያለሁና። እንግዲህ አንድ ቀን ተወግቼ፣ አንድ ቀን ትቼ፣ ሆዴ ውስጥ ያለችውን ልጅ እንዲሁ በዘፈቀደ ነበር የማሳድራት። እሷን የማጣት ፍርሃት ከረሃቡ ይብስ ነበር።

ለእርጉዝ መንግሥት የሚሰጠው የምግብ ካርድ እንዳለ ሰምቻለሁ። ግን ያኔ በሐበሻ መሃል አንድ ወሬ ነበር፤ ከመንግሥት ምግብ የተቀበለ ግሪን ካርዱ ይበላሽበታል ይባላል። ማን እንዳመጣው የሚያውቅ የለም፤ የማያምነውም የለም። እትዬ ጋ ሄጄ ራበኝ እንዳልል ደግሞ ይሉኝታ ያዘኝ። ከሥራ የወጣች ሴት በምሳ ሰዓት ብቅ ብቅ ስትል ምን እንደሚባል አውቃለሁ።

ክሊኒክ ስሄድ በስልክ አስተርጓሚ ይቀርብልኛል። እንግሊዝኛዬ ያን ያህል የሚታማ ባይሆንም፣ ሐኪሟ አንዳች ነገር እንዳያመልጠኝ ብላ ሁሌም ትደውላለች። ጠረጴዛው ላይ ካለው ስልክ የአንድ ትልቅ ሰው ድምፅ ይወጣል፤ ረጋ ያለ፣ እንደ አጎት ያለ ድምፅ። አንድ ቀን ሐኪሟ የስኳር ቁጥሮቼን አይታ ግራ ገባት። አንዱ ቀን ሰማይ፣ አንዱ ቀን ምድር ነው። ጠየቀችኝ፤ ሰውዬው ተረጎመ፦ «እህቴ፣ ቤት ውስጥ ምግብ የሚያልቅባችሁ ጊዜ አለ ወይ ትላለች።»

በእንግሊዝኛ ብቻ ቢሆን ምናልባት «የስ» ብዬ እገላገል ነበር። ለአንድ የአገሬ ሽማግሌ፣ በአማርኛ፣ ራበኝ ማለት ግን አፌ እንቢ አለ። የማን ልጅ እንደሆንኩ የሚያውቅ ሁሉ መሰለኝ። «ኧረ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሙሉ ነው» አልኩት። እሱም አሳምሮ ተረጎመው። ሐኪሟ ባመነችው ላይ ተመሥርታ መድኃኒቱ አንሶኛል ብላ ከፍ አደረገችው። ምን ታድርግ? ጠይቃ ነግሬያታለሁ።

በዚህ መሃል ሁዳዴ ገባ። ከክሊኒክ ስመለስ አውቶብስ የምቀይረው ፌርፋክስ ላይ ስለነበር፣ ለእግሬ ዕረፍት እያልኩ እትዬ ጋ ጎራ እል ነበር። መጀመሪያ የገባሁ ቀን እትዬ ከወጥ ቤት ብቅ ብለው «ነይ እስቲ፣ ቁጭ በዪና አንድ ነገር ቅመሺ» አሉኝ። እኔም እንደ ጨዋ ልጅ «እግዜር ይስጥልኝ እትዬ፣ ይቅርብኝ» አልኩ። ሐበሻ የሆነ ሁሉ ይህ እንቢታ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ልመናው ይቀጥላል፣ «በሞቴ» ይመጣል፣ እኔም ተሸንፌ እቀመጣለሁ። እንጀራው ትሪው ላይ ተጠቅልሎ እየታየኝ ሁለተኛውን ልመና ጠበቅኩ።

እትዬ ግን ዓይናቸውን ፈጠጥ አድርገው፣ «ውይ! ጾም ነሽ እንዴ?» አሉ።

አንገቴን ደፋሁ። አዎን አላልኩም፤ አይደለሁም ብዬ ደግሞ እንዴት ልብላ? ልመናው እዚያው ላይ ተቆረጠ። ጾመኛን በሞቴ የሚል የለም። እትዬ አጠገቤ የነበረውን ትሪ ራሳቸው አንሥተው «እንዳንፈትናት» እያሉ ወደ ውስጥ ይዘውት ገቡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በገባሁ ቁጥር ምግብ ከፊቴ ይሸሻል፣ ምስጋና ይቀርብልኛል። ዶሮ ወጥ ይዛልኝ ልትመጣ የነበረች ካልቨር ሲቲ የምትኖር ደንበኛችን እንኳ ዝናዬን ሰምታ ለፋሲካ አስተላለፈችው።

መድኃኒቱ ከፍ ካለ በኋላ አንድ ጠዋት ተወጋሁና በቤቱ የነበረችውን ቁራሽ ዳቦ በሻይ በልቼ ክሊኒክ ሄድኩ። ተመልሼ ፌርፋክስ ስደርስ ስኳሬ ወረደ። ላብ አጠመቀኝ፣ ዓይኔ ጨለመ። የእትዬን በር በትከሻዬ ገፍቼ ገባሁና ካገኘሁት ወንበር ላይ ወደቅኩ። የማስታውሰው ከእኔ ጋር ትሠራ የነበረችው ልጅ «እየሱስ! እየሱስ!» ስትልና የብርቱካን ጭማቂ ብርጭቆ ጥርሴን ሲመታኝ ነው። ይቺ ልጅ ጴንጤ ናት፣ ከፓሳዴና ከተማ ነው የምትመላለሰው። ከእትዬ ጋር በጾም ነገር የማይጨቃጨቁበት ቀን አልነበረም።

ቀስ በቀስ ዓይኔ ተገለጠ። ጣቴን ወግቼ ለካሁ፤ ስኳሩ ተመልሷል። ልጅቷ ክሊኒክ ደወለች፤ ምግብ ትብላ፣ ነገ ጠዋት ትምጣ አሉ። ሆዴ ውስጥ ያለችው ስትራገጥ ሲሰማኝ እጄን እዚያው ላይ አድርጌ አለቀስኩ። እትዬ ያለ አንዳች ልመና በያይነቱ አምጥተው ፊቴ ዘረጉት። ምስሩን፣ ጎመኑን፣ ድፍን ምስሩን አንድ ሳላስቀር ጠረግኩት። ስጨርስ እትዬ የመኪናቸውን ቁልፍ ይዘው ቆመው ነበር።

«ተነሺ። እኔ ድራይቭ አደርጋለሁ።»

«ወዴት እትዬ?»

«አባ ጋ! እኔ ብናገር አትሰሚኝም። እርጉዝ ሆነሽ፣ ሹገር እያለብሽ፣ እንዲህ ያለ ጾም የት አገር ነው ያለው? ከራሳቸው ከአባ አፍ ስሚውና ይለይልሽ!»

ቤተ ክርስቲያን ስንደርስ እትዬ ፓርክ ያደረጉት እንዴት እንደሆነ ባልናገር ይሻላል። የንስሐ አባታችን የከሰዓቱን ቅዳሴ እየጠበቁ አዳራሹ ውስጥ ተቀምጠዋል። መስቀል ተሳልሜ ቀና ሳልል እትዬ ጀመሩ።

«አባ፣ ይቺን ልጅ ይገሥጹልኝ። እርጉዝ ናት፣ ሹገር አለባት፣ ሁዳዴን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ትጾማለች። ዛሬ እጄ ላይ ልትሞትብኝ ነበር!»

አባ እኔን አዩኝ። «ልጄ፣ እርጉዝና በሽተኛ እንዲህ ያለ ጾም ግድ አይልባትም። ማን ጹሚ አለሽ?»

«ማንም አላለኝም፣ አባ።»

«እንግዲያው እግዚአብሔር ይፍታሽ። ከነገ ጀምሮ ሐኪምሽ ያዘዘችሽን ትበያለሽ። እንቁላል ካለች እንቁላል፣ ሥጋ ካለች ሥጋ። በእኔ ይሁንብሽ።» በመስቀሉ ባረኩኝና ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ልነሣ ስል፣ ልጅ እንደሚያባብል ሰው ጨመሩ፦ «እስቲ ንገሪኝ፣ ነገ ጠዋት ምን ትበያለሽ?»

ለክሊኒኩ ድምፅ የሰጠሁትን መልስ ለእሳቸውም ልሰጥ ፈልጌ ነበር። ሙሉ ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ግን መስቀሉ ገና ግንባሬ አጠገብ ነው፤ ደግሞም ያን ቀን ጠዋት ልጄን ላጣት እንደነበር ገና ከሰውነቴ አልወጣም። «ምንም የለም፣ አባ» አልኩ። «ጾምም አልነበርኩም። ቤት ውስጥ የሚበላ የለም።»

እትዬ የቦርሳቸውን ዚፕ ከፈቱ፣ ዘጉ፣ ደግመው ከፈቱ።

«እኔ ቤት እየመጣሽ?» አሉ በመጨረሻ። «ብዪ ስልሽ እንቢ አላልሽም?»

«ይለምኑኛል ብዬ ነበር እትዬ።»

አባ ሳቃቸውን ለመያዝ ጢማቸውን አሹ፤ አልቻሉም። እኔም እንባዬ እየወረደ ሳቅኩ። እትዬ ግን አልሳቁም። ስንመለስ፣ ቀይ መብራት በያዘን ቁጥር መሪውን በጥፊ እየመቱ፣ ለራሳቸውም ለእኔም «ምግብ ቤት መሃል ቁጭ ብሎ! በምግብ ቤት መሃል!» እያሉ ያለቅሱ ነበር። ሰው እንዲያ ተቆጥቶልኝ አያውቅም። ቁጣቸውን ዛሬም እወደዋለሁ።

በማግስቱ ክሊኒክ ይዘውኝ የሄዱት እሳቸው ናቸው። ሐኪሟ አስተርጓሚውን ስትደውል እትዬ ስልኩ ላይ ጎንበስ አሉ። «ወንድሜ፣ እንዲህ ብለህ ንገራት፤ ቤቷ ምግብ አልነበረም። ሙሉ ነው ያለችህ ይሉኝታ ይዟት ነው፤ አንተ ሐበሻ አይደለህም እንዴ? ይሉኝታን ተርጉምላት!» ሰውዬው ረዘም አድርጎ አስረዳት፤ እንዴት አድርጎ እንዳስረዳት እኔ እንጃ። ሐኪሟ ወንበሯን ወደ እኔ ሳበች፣ እጄን ያዘች። መድኃኒቱን ቀነሰችው። ከፎቅ በታች ካለች ሠራተኛ ጋር አገናኘችኝ፤ እሷም የምግብ ካርዱ ግሪን ካርዴን እንደማይነካው አስረድታ አስመዘገበችኝ። እንቁላልና ወተት ለመግዛት እትዬ ጋ ከማልቀስ በፊት እዚያ ፎቅ ሥር መውረድ ይበቃ እንደነበር ሳስበው ያናድደኛል። ግን እትዬ ጋ ባልወድቅ ኖሮ መቼም አልወርድም ነበር።

ካርዱ እስኪደርስ፣ ከደረሰም በኋላ፣ ጠዋት ጠዋት ባለቤቴ ወደ ኤርፖርት ሲሄድ ፌርፋክስ ያወርደኛል። በመጀመሪያው ቀን በር ላይ አድርሶኝ ሊሄድ ሲል እትዬ ከውስጥ ጮኹበት፦ «የት ነው? አንተም ግባ፣ ውሸታም! ኤርፖርት ምሳ በላሁ ትላለህ አሉ።» ራሱን እያከከ ገባ። እኔ ጥግ ያለው ጠረጴዛ ጋ እግሬን ወንበር ላይ ሰቅዬ እቀመጣለሁ፤ መነሣት ክልክል ነው።

ችግሩ አንድ ነበር። ጊዜው ሁዳዴ ነው፤ እትዬ ደግሞ እውነተኛ ጾመኛ ናቸው። ለእኔ ብቻ የሚሆን አዲስ መጥበሻ ገዝተው፣ ከጾም ዕቃው እንዳይቀላቀል እጀታው ላይ ቀይ ክር አሰሩበት። እንቁላሉንም ጥብሱንም የሚሠሩት ፊታቸውን ዘወር እያደረጉ ነው። መቅመስ አይችሉም። በዕድሜያቸው ሙሉ ከመዳፋቸው ጠብ አድርገው ቀምሰው የሠሩ ሴት፣ ጨው ጣሉ አልጣሉ ሳያውቁ ለመስጠት እጃቸው አልታዘዝ አለ። በመጨረሻ ያን ሁሉ ዘመን ጾም የላትም እያሉ ሲያሟት የከረሙትን ልጅ ጠሩ።

«አንቺ ጴንጤ! ነይ፣ ቅመሺ!»

«እሺ እትዬ» ትላለች እሷ ማንኪያዋን ይዛ፣ ፊቷ እየበራ። «ቆንጆ ነው። ፐርፌክት ነው።»

በየቀኑ ፐርፌክት ነበር። አንድ ቀን ጨው የሌለው፣ አንድ ቀን ባሕር የገባ የሚመስል፣ አንድ ቀን ደግሞ ሚጥሚጣው ዓይን የሚያስለቅስ። እኔ ምን አገባኝ፤ አጥንት ድረስ እያጣጣምኩ በላሁ። ልጅቷ ከፓሳዴና ቸርች ሴቶች ጋር ተነጋግራ ቅዳሜና እሑድ ዓሣና ሰላጣ በዕቃ ይመጣልኝ ጀመር። የማላውቃቸው ሴቶች ናቸው። አንዷ በር ላይ ዕቃውን ሰጥታኝ «ጸልየንበታል፣ ጨውም ቀምሰናል» አለችኝ። መለኪያዬ ላይ ያሉት ቁጥሮች ሰው የሚመስሉ ሆኑ።

ፋሲካ ዋለ። በማግስቱ እትዬ ቀይ ክር ባለው መጥበሻ ጥብሴን ሠርተው፣ ልማድ ሆኖባቸው ልጅቷን ሊጠሩ ሲሉ መፈሰካቸው ትዝ አላቸውና ራሳቸው ጠብ አደረጉ። ፊታቸው ተኮማተረ። «ምንድን ነው ይሄ? ይህን ነው ስትበዪ የከረምሽው?» ወደ ልጅቷ ዞሩ። «አንቺስ፣ ፐርፌክት አላልሽም?»

«ሶ ምን ልበል እትዬ? እርስዎ የሠሩትን መጥፎ ነው ልበል?»

የዚያን ቀን ጥብስ እንደ አዲስ ተሠራ። እኔ ግን የዚያን ሁዳዴ የመሰለ ምግብ በልቼ አላውቅም፤ ስል አያምኑኝም።

ልጄ ቀኗ ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው በሐኪሟ ትእዛዝ ተወለደች። ስታለቅስ ባለቤቴ ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ አለ። ነርሷ ግን ደስታችን ገና ነው አለችን። ስኳር ያለባት እናት ልጅ እንደተወለደች ስኳሯ ሊወርድባት ይችላል። ቶሎ ካልጠባች፣ ጠብታም ካላገኘች ከእኔ ለይተው ሌላ ክፍል ይወስዷታል። እትዬ እንደመጡ ነርሷ የልጄን ተረከዝ ስትወጋ አይተው አማርኛ ሳይመርጡ ተሳደቡ፤ ደግነቱ ነርሷ አልገባትም። ቁጥሩ ዝቅ ያለ ነበር። ከዚያ ልጄን ደረቴ ላይ አደረጉልኝ።

ወተት ይኖረኛል ብዬ አላሰብኩም ነበር። እንደዚያ ባዶ ሆኖ የከረመ ሰውነት ለሌላ ሰው የሚሰጠው ነገር ይኖረዋል ብሎ ማመን ከበደኝ። ልጄ ግን አላመነታችም። አፏን ከፍታ ፈለገች፣ አገኘች፣ ያዘች። ስትውጥ ጉሮሮዋ ሲንቀሳቀስ ሦስታችንም ትንፋሻችንን ውጠን እናያት ነበር። ነርሷ ቆይታ ተመለሰችና ተረከዟን ደግማ ወጋች፤ ቁጥሩን አይታ ፈገግ አለች። የትም አትወሰድም አለችን።

ልጄ ጡቱን ለቀቀችና አፏ ክፍት እንደሆነ ቀረ። በከንፈሯ ጥግ አንዲት የወተት ጠብታ ቀርታለች። እትዬ መነጽራቸውን አስተካክለው ጎንበስ ብለው አዩአት።

«ጠገበች» አሉ።

ባለቤቴ ሊቀበለኝ እጁን ዘረጋ። አልሰጠሁትም።

«ትንሽ ቆይ» አልኩት። «ጠግባ ስትተኛ ልያት።»